ነጠብጣቧ የጠፋባት ጥንዚዛ

የአክስቴ ባቄላ ላይ ክሽክሽ ሲወርድ፣ እኔን ታማክር እንደሆነ ለመወሰን ሦስት ቀን ፈጀባት። አልፈርድባትም። ሰፈር ውስጥ ስሜ «ጨምርበት» ነው። ዓሣ ይዤ ከተመለስኩ ዓሣው መንገድ ላይ ያድጋል። ትምህርቴንም ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩት መምህሩ «ከዚህ በላይ ካወቅህ እኔ ምን ልሠራ ነው?» ብሎ ስለለመነኝ ነው። ይሄኛውን ተዉት።

ከምንኖርበት ሕንፃ ጀርባ የጋራ ግቢ አለ፤ ጥጉን አክስቴ ባቄላ ዘርታበታለች። ክሽክሽ የሚሉት ጥቃቅን አረንጓዴ ተባይ ግንዱ ላይ እንደ ሰልፈኛ ተደራርቦ ጭማቂውን ይመጥ ጀመር። የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ይህን አየና «ሐሙስ ረፋድ ላይ መድኃኒት ይረጫል» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጠፈ። አክስቴ ደግሞ መርዝ የነካውን ባቄላ እንኳን ልትበላው ልታየው አትፈልግም። «ከተረጨ ከነሥሩ ነቅዬ እጥለዋለሁ» ብላ ማለች። እሷ ከማለች አለቀ።

በሕንፃው ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ተነሥቼ፣ «መድኃኒት አያስፈልግም፤ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸው ቀያይ ጥንዚዛዎች ባቄላው ውስጥ ገብተው ክሽክሹን እየበሉት ነው» አልኩ። እዚህ ድረስ እውነት ነው። እዚህ ላይ ብቀመጥ ምን ነበረበት! ምላሴን በላኝና፣ «ትናንትማ አንዷ ከጥጋብ ብዛት መብረር አቅቷት፣ ደግፌ ነው ቤቷ ያደረስኳት» ብዬ ጨመርኩበት።

ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ። «አንተ የምትለውን ሳይሆን ካሜራ የሚለውን ነው የምናየው። እስከ ሐሙስ ጠዋት ፎቶ አምጣ። አለበለዚያ ይረጫል።»

አክስቴ ደረጃው ላይ ጆሮዬን ይዛ አስቀረችኝ።

«አንተ ቀጣፊ! በዕድሜህ አንዲት እውነት ብትናገር እሷንም አበላሸሃት?»

«አክስቴ፣ ጆሮዬን...»

«ባቄላዬ ከተረጨ ደጄን እንዳትረግጥ!»

የምሠራው ከሕንፃው ሥር ባለው ፎቶ ቤት ነው። ባለቤቱን ጋሼ እለዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጉርድ ፎቶ ሲያነሣ የኖረ፣ እጁ የተባረከ ሰው ነው፤ እኛ ጋ ብጉር ይዞ የገባ ብጉር ይዞ አይወጣም። የቤቱ ሕግ አንድ ነው፦ የደንበኛ ፊት መጽዳቱን ለማንም አንናገርም። የጠየቀ ካለ «ፎቶው እርስዎን ራስዎን ነው» እንላለን፣ በቃ።

ጋሼ የጋብቻ ቀለበት የሚያነሣበትን ሌንስ አዋሰኝ። ረቡዕ ማለዳ፣ ብርዱ ጥንዚዛዎቹን ሳይለቃቸው፣ ጭቃው ላይ በሆዴ ተኛሁ። ሙቀት ካገኙ አይጨበጡም፤ በማለዳ ግን እንደኔው መነሣት ይከብዳቸዋል። ከምስር እምብዛም የማትበልጥ ፍጥረት በዚያ ሌንስ ስትታይ አውቶቡስ ታክላለች። ችግሩ፣ ከተነፈስክ ትደበዝዛለች፤ ነፋስ ግንዱን ነካ ካደረገው ከነጭራሹ ከፎቶው ትወጣለች። አንዷን በጣቴ ወደ ብርሃኑ ላዞራት ስል ከጉልበቷ ቢጫ፣ የሚሸት ፈሳሽ ለቀቀችብኝ። ብዙ ሙሽራ አንሥቻለሁ፤ ተቆጥታ እንዲህ ያደረገችኝ ግን የለችም።

ከሁለት ሰዓት ትግል በኋላ ያቺን ፎቶ አገኘኋት። ጥንዚዛዋ ፊት ለፊት፣ ነጠብጣቧ አንድ በአንድ የሚቆጠር፣ አንድ ክሽክሽ አፏ ውስጥ ገብቶ እግሩ ብቻ በውጭ ቀርቶ። ለጋሼ እንዲያትማት ሰጠሁና ተማሪዎች ላነሣ ወጣሁ። ሐሙስ ጠዋት ፖስታውን ተቀብዬ፣ ሳልከፍት፣ ወደ ኮሚቴው መሰብሰቢያ ክፍል በረርኩ።

መድኃኒት ረጪው የመርጫ ጋኑን ጀርባው ላይ አዝሎ በሩ ላይ ቆሟል። ሰብሳቢው ፖስታውን ከፈተ። ፎቶውን አየ። ገለበጠው፤ እንደገና አየው።

«ነጠብጣቧ የታለ?»

አንገቴን አሰገግሁ። ጉድ! ጥንዚዛዋ እንደ ተወለወለ ፖም ቀልታ ታበራለች፤ አንድም ነጠብጣብ የለባትም። ግንዱ ላይ የነበረው ክሽክሽ እንደ ቆሻሻ ተጠርጎ ወጥቷል። ከኋላዋ የጉርድ ፎቶ ሰማያዊ መጋረጃ ተዘርግቷል። አፏን እንኳ ሳይቀር ዘግቶላታል!

«ይቺ ሌላ ጥንዚዛ ናት» አለ ሰብሳቢው። «ማን ያውቃል፣ እሷው ራሷ ቅጠል በል ትሆናለች።»

አክስቴ ፎቶውን ነጠቀችው። «ግንዱ ንጹሕ አይደል እንዴ? ታዲያ ምኑን ነው የምትረጩት?»

«እመቤቴ፣ ተባዩንማ ትናንት በዓይኔ አይቻለሁ!»

«ጋሼ አጽድቷት ነው!» ብዬ ጮህኩ። ሁሉም ሳቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳልጨምርበት ብናገር ይሳቅብኝ?

ጋሼ ተጠርቶ መጣ። «ጋሼ፣ በፈጠረዎት፣ ነጠብጣቧን አጥፍተዋል አይደል?» አልኩት።

ጋሼ ፎቶውን ተቀብሎ በክንዱ ርቀት ያዘው። በሥራው እንደኮራ ያስታውቃል።

«ፎቶው እሷን ራሷን ነው» አለ።

ረጪው ጋኑን አስተካክሎ ወደ ግቢው መራመድ ጀመረ። አክስቴ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ያኔ ነው ቀና ብዬ ከሰብሳቢው ወንበር በላይ የተሰቀለውን የራሱን ፎቶ ያየሁት፤ የእኛው ቤት ሥራ ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰብሳቢ አፍንጫው ጫፍ ላይ ሽንብራ የሚያህል ኪንታሮት አለው። የተሰቀለው የለውም።

«ጋሼ፣ እዚያ ላይ ያሉትስ?» አልኩ በጣቴ እያሳየሁ።

«እሱም እሳቸውን ራሳቸውን ነው።»

የሁሉም አንገት ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ወደ ሰብሳቢው፤ እንደገና ወደ ግድግዳው።

«ውይ!» አለች አክስቴ። «ኪንታሮቱስ?»

ሰብሳቢው አፍንጫውን በእጁ ሸፈነ። ፎቶ ቤቱ ያጸዳል ቢል ጥንዚዛዋ ነፃ ልትወጣ ነው፣ ኪንታሮቱም አደባባይ ሊወጣ ነው። አያጸዳም ቢል ደግሞ እጁን ከአፍንጫው ላይ ማንሣት ሊኖርበት ነው።

«ፎቶ ምን ያደርጋል!» አለ በመጨረሻ፣ በአፍንጫው እየተናገረ። «ወርደን በዓይናችን እንይ!»

ወረድን። ካሜራውን ባቄላው ፊት ደቅኜ በጀርባው ባለው የምስል መስታወት እንዲያዩ አደረግሁ። ጥንዚዛ የለም። አንድም! ፀሐይዋ ከርራለች፤ ሁሉም የሆነ ቦታ ገብተዋል። ረጪው የጋኑን እጀታ ይገፋ ጀመር። አክስቴ እጆቿን ዘርግታ ባቄላው ፊት ቆመች። «መጀመሪያ እኔን እርጨኝ!»

«ቆይ» አለ ሰብሳቢው። «ምንድን ናት ያቺ?»

ከቅጠሉ ሥር አንዲት ቀይ ነገር ብቅ አለች፤ ከነሙሉ ነጠብጣቧ። ግንዱን እየዳሰሰች ወጣች፣ አንዱን ክሽክሽ አንቃ ያዘች፣ ታኝከው ጀመር። ከዚያ ሁለተኛውን። ሰብሳቢው ሱሪውን ረስቶ ጭቃው ላይ ተንበረከከ። ጋሼ በትከሻው ላይ አጎንብሶ ያያል። ረጪውም እጀታውን ለቆ አንገቱን አስገባ።

«ታዲያ እኔ ልሂድ?» አለ ረጪው ቀስ ብሎ።

ሰብሳቢው ዓይኑን ከመስታወቱ ላይ ሳይነቅል በእጁ «ሂድ ሂድ» አለው። አክስቴ ክንዶቿን አወረደች።

ሰብሳቢው ገና እንደተንበረከከ ምሳ ሰዓት ደረሰ፤ ከሦስተኛ ፎቅ ሚስቱ በመስኮት ብቅ አለች። «አንተ ሰውዬ! ምሳው ቀዘቀዘ እኮ!»

«ዝም በይ አንቺ!» ብሎ አንሾካሾከ፣ ሦስተኛ ፎቅ የሚሰማው ይመስል። «እየበላች ነው!»