የእትዬን በቆሎ የበላው እሳት

ከዚህ ታሪክ ላይ አንዲት ቃል ጨምሬ ከተገኘሁ ምላሴ እንደ አሮጌ ቦት ጫማ ትሰንጠቅ። ጎረቤቶቼ «ጥሩንባ» ይሉኛል፤ ይበሉኝ። ጥሩንባ የሚነፋው የሚነፋለት ነገር ሲኖር ነው። ይሄ ደግሞ በእነዚህ በሁለት ዓይኖቼ ያየሁት ነው።

እኛ የሸንኮራ አገዳ ሰዎች ነን። አያታችን አገዳ ቆራጭ፣ አባታችን አገዳ ቆራጭ፣ እኔና ታላቅ እህቴም እንደዚያው። የስኳር ኩባንያው በነበረበት ዘመን አገዳው እስከ ደጃፋችን ይደርስ ነበር፤ ለአንድ እግር ጎመን የሚሆን መሬት አልተረፈንም። እኔ በአንድ ጠዋት የቆረጥኩትን ለመጫን ባቡር ይታዘዝ ነበር። ባቡሩም አንዳንድ ቀን ይጎትተዋል፣ አንዳንድ ቀን «ይሄስ ከአቅሜ በላይ ነው» ብሎ ባዶውን ይመለሳል። ኋላ ኩባንያው ከስሮ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። መሬቱ ጾም አደረ፤ እኛም አብረነው ጾም አደርን።

ይሄኔ መንግሥት መጣ። መሬቱን ሸንሽኖ ለቀድሞ ሠራተኞች አደለ። የበቆሎ ዘር ሰጠን፣ ትራክተር ልኮ አረሰልን፣ የግብርና ባለሙያም መደበልን። ደንቡ ግልጽ ነው፤ የመጀመሪያውን ምርት ያስገባ፣ መሬቱ የራሱ ሆኖ ይቀራል። በገዛ ጥፋቱ ያበላሸ፣ መሬቱ ለተረኛ ይሰጥበታል። የተፈጥሮ አደጋ የደረሰበት ግን ሌላ ዘር ተሰጥቶት እንደገና ይሞክራል።

እትዬ፣ ታላቅ እህቴን ማለቴ ነው፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከእኔ ጋር ናት። አንዲት ክፍል አለችን፤ እኔ እናገርባታለሁ፣ እሷ ዝም ትልባታለች። የመሬቱ ዕጣ የወጣው በእሷ ስም ነው። ዕድሜዋን ሙሉ «የእኔ» ያለችው ነገር ቢኖር አንድ ቆንጨራና አንድ ባል ነበር፤ ቆንጨራውን ኩባንያው ወሰደባት፣ ባሏን ሞት። እናም ጎህ ሲቀድ ከማሳዋ ዳር ቆማ ታየዋለች። አትነካውም፤ ታየዋለች ብቻ። «እትዬ፣ አያመልጥሽም እኮ» ስላት፣ «ዝም በል፣ እያደገ ነው» ትለኛለች።

ደግሞስ አስተዳደጉ! ወፎች አናቱ ላይ ለመውጣት ግማሽ ላይ አርፈው ትንፋሽ ይሰበስቡ ነበር። ሽቦ የምንለው ቀጫጫው ጎረቤታችን አንድ ቀን በድንበራችን ላይ ቆሞ ተጠራጠረ።

«ጥሩንባ፣ ይሄ በቆሎ ነው ወይስ የስልክ እንጨት?»

«ለምን ደውለህ አትሞክረውም?»

«አንተ እያለህ ማን ስልክ ይፈልጋል!» አለና እየሳቀ ወደ ማሳው ተመለሰ።

በቆሎው ደረሰ። ቅጠሉ ደርቆ ነፋስ በነካው ቁጥር ኮሽ ኮሽ ይላል። እንግዲህ ልብ በሉልኝ። ሰዓቱ ቀትር ነው፤ ሰማዩ ታጥቦ የተደፋ ሳህን መስሏል። እኔና እትዬ ከማሳው ዳር ቆመናል። በድንገት የትራክተር ጎማ የሚያህል እሳት... ምን ጎማ፣ ራሱን ትራክተሩን የሚያህል እሳት ከሰማይ ተምዘግዝጎ በቆሎው መሃል ዱብ! ክው አልኩ። ምላሴ፣ የእኔ ምላስ እንኳን ሳይቀር፣ ከላንቃዬ ጋር ተጣበቀ። ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ማሳው ነደደ።

ምን ላድርግ? ዘልዬ ገባሁ! ወንዙን በባልዲ እየቀዳሁ ደፋሁበት፤ ዓሦቹ እርጥብ ጭቃ ላይ ቀርተው ታዘቡኝ። ሸሚዜ ላዬ ላይ ነደደ፤ አውልቄ በእሱው እሳቱን ገረፍኩት። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ከሰል ሆኖ ይቀር ነበር።

ጭሱ ሲገፈፍ ግን፣ እዚህ ላይ ነው የደነገጥኩት። ቆሞ የቀረ አንድም የበቆሎ እግር አልነበረም። እትዬ አመዱ ውስጥ ገብታ አንድ ራስ በቆሎ አነሳች። በመዳፏ አሸት አደረገችው፤ ጥቁር ዱቄት ሆኖ በጣቶቿ መካከል ፈሰሰ። ሌላ አነሳች። ያም ፈሰሰ። ሻሿን አውልቃ አመዱ ላይ ቁጭ አለች። ማታም እህል አልቀመሰችም።

በማግስቱ ባለሙያው በሞተር ብስክሌቱ እየበረረ መጣ። ማሳውን አይቶ ወደ ቤታችን ሲገባ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ከኋላው ጎረቤቱ ሁሉ በሩን ሞላው። እኔም ለእናንተ እንደነገርኳችሁ፣ ምናልባትም ትንሽ ቀነስ አድርጌ፣ ነገርኩት።

«ከጠራ ሰማይ?» አለ፣ አፉን ከፍቶ።

«ጥርት ስላለ እኮ ነው መንገዱን ያልሳተው!»

«በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሰምቼ አላውቅም...» እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። ዞር ዞር ቢል ጎረቤቱ ሁሉ «ጉድ ነው፣ ጉድ ነው» እያለ ራሱን ይነቀንቃል። በመጨረሻም «እንግዲህ የተፈጥሮ አደጋ ነዋ!» አለ። «አይዟችሁ፣ መሬቱን የሚነካባችሁ የለም። ዘሩንም ራሴ አመጣላችኋለሁ።»

ደስታዬ ጣሪያውን ሊበሳው ምንም አልቀረው!

ሽቦ ከበሩ ላይ፣ «እንኳን ተረፋችሁ! በሉ እኛ እንሂድ፣ ነፋሱ ሳይዞርብን የራሳችንን እንጨርስ» አለ። የቀሩትም ተከትለውት መውጣት ጀመሩ።

«ሽቦ፣ ቁም እስቲ» አለች እትዬ።

ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር፤ ሁሉም ግን ቆመ። እኔም ጭምር፣ ተቀምጬ ሳለሁ።

«ልጄ» አለችው ባለሙያውን፣ «ከሰማይ የወረደ ነገር የለም። ክብሪቱን የጫረው ወንድሜ ነው፤ በየት በኩል እንደሚለኩስ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ባልዲም አልነበረም፣ ወንዝም። ቆመን ነበር የምናየው።»

«እትዬ!» አልኩ።

«አገዳ ሲደርስ መጀመሪያ ይቃጠላል፤ ቅጠሉ ይነድና አገዳው ይቀራል፣ ከዚያ ይቆረጣል። እኛ የምናውቀው አጨዳ ይሄን ብቻ ነው። በቆሎን የምናውቀው በጆንያ፣ ዱቄት ሆኖ ሲመጣ ነው። አንተም መዝራቱን አስተማርከንና፣ 'ማጨዱንስ እናንተ ታውቁበታላችሁ' ብለኸን ሄድክ።»

ባለሙያው አንዴ እሷን፣ አንዴ በሩ ላይ የቆሙትን ያያል።

«እነዚህም አሁን የሚሄዱት የራሳቸውን ሊለኩሱ ነው» አለች እትዬ። «የእኔን መሬት ለተረኛው ስጠው። ግን መጀመሪያ ክብሪቱን ተቀበላቸው።»