ያልደረቀ ዓመት

ፍሬም ሠሪ ነኝ። ሥዕል አልሥልም፤ ግን የሠዓሊን ሥራ በፊቱም በጀርባውም አያለሁ።

የልጄ ባል ሠዓሊ ነው። የሆስፒታሉ ኃላፊ ግቢው ውስጥ ያለውን ትልቅ ዛፍ ዓመቱን ሙሉ እየተመላለሰ፣ በየወሩ አንድ ሥዕል የሚሥልለት ሰው ሲፈልግ፣ «ታጋሽ ነው፤ ተቀምጦ ያያል» ብዬ ቃሌን የሰጠሁለት እኔ ነኝ። ሌላ ብዙ ነገር የለኝም፤ ቃሌን ግን ሰው ያምነዋል።

በዓመቱ አማቼ አሥራ ሁለቱንም ሥዕሎች በአንድ ታክሲ ጭኖ ሱቄ መጣ። የመጀመሪያውን ወር ሥዕል ጠርዝ በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት። ቀለሙ ጣቴ ላይ ቀረ። የመጨረሻውንም ነካሁ፤ ያው ነው። ዓመት የሞላው የዘይት ቀለም ጣት ላይ አይቀርም።

ለደም ግፊቴ በየወሩ እዚያው ሆስፒታል እሄዳለሁ። ተራዬን የምጠብቀው ዛፉ ሥር ነው። አንድ ቀን እንኳ አግኝቼው አላውቅም። ስጠይቀው፣ ከስልኩ ፎቶ ላይ በሦስት ሳምንት እንደጨረሰው ሳያፍር ነገረኝ። ለበጋው ቅጠሉን ቢጫ ቀብቷል፣ ለክረምቱ አረንጓዴ፤ በቃ። ለኤሌክትሪክ ሽቦ ተብሎ በአምስተኛው ወር የተቆረጠው ወፍራም ቅርንጫፍ አሥራ ሁለተኛው ሥዕል ላይ ተንሰራፍቷል። ይህ ሰው እንኳን ዛፍ፣ የገዛ ጫማውንም ልብ ብሎ ያየ አይመስለኝም።

«አባባ፣ ቅርንጫፍ የሚቆጥር ማን አለ?» አለኝ።

ልጄ መጥታ ለመነችኝ። ይህ ከተሳካለት ስሙ እንደሚነሳ፣ እኔ ዝም ካልኩ ማንም እንደማያውቅ ነገረችኝ። እጄን እየናቅኩት ፍሬሞቹን ሠራሁላቸው።

ሥዕሎቹ ሆስፒታሉ ውስጥ በተሰቀሉ ቀን ኃላፊው ስለ ጊዜና ስለ ተፈጥሮ ንግግር አስረዘመ። አማቼም ሻርፑን ጠምጥሞ፣ ዝናብ እየመታው እንደሣለ፣ ከዛፉ ጋር ወዳጅ እንደሆነ አወራ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ዛፉ ከመስኮቱ ማዶ፣ አሥር እርምጃ ላይ ቆሟል፤ ዞር ብሎ ያየው የለም።

ወገቡ ተጎድቶ እዚያው ስምንት ወር የተኛ አንድ ሹፌር ግን ተሽከርካሪ ወንበሩን እየገፋ መጨረሻው ሥዕል ድረስ ተጠጋ።

«ይሄ ቅርንጫፍ እኮ ከተቆረጠ መንፈቅ አልፎታል» አለ። «ሲቆርጡት አልጋዬ ላይ ሆኜ ቀኑን ሙሉ ሳይ ነበር። ጌታው፣ ለመሆኑ ዛፉን አይተኸው ታውቃለህ?»

ሰዉ ሳቀ። አማቼ ዙሪያውን ቃኝቶ እኔን አገኘ።

«አባባ፣ እርስዎ ይንገሩት እንጂ። ዓመቱን ሙሉ እዚህ አልነበርኩም?»

ኃላፊውም ልጄም ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ በየወሩ እዚህ ነበርኩ» አልኩት። «አንተን አላየሁህም።»

ልጄ ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጠችም።