ሁለተኛው ቆርቆሮ

"ቀስ! ጉልበትሽን አጥፈሽ አንሺ፣ ወገብሽን እንዳትቀጪው!" አለ ኦሪን፣ እሱው ራሱ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እያነሳ።

ካርላ ጥርሷን ነክሳ የአዲሱን ጥይት መሙያ ማሽን፣ የፕሬሱን፣ አንድ ጎን አነሳች። አባትና ልጅ እያቃሰቱ ከፒክአፑ አውርደው ጋራዡ ውስጥ አስገቡትና ወፍራሙ ጠረጴዛ ላይ አሳረፉት። ጠረጴዛው ሲጢጥ አለ።

"ምናለ ያቺን ቀላሏን አሉሚኒየም ብትገዛ?"

"ያቺማ የሽንኩርት መክተፊያ ናት! ክንዴን የሚያህል ጥይት በእሷ? እንደ አሮጌዋ ለሁለት ትሰነጠቅልሻለች።"

አሮጌዋ ፕሬስ ጥግ ላይ ተሰንጥቃ ተቀምጣለች። ለአነስተኛ የአጋዘን ማደኛ ጥይት የተሠራች ነበረች። እልህ ምላጭ ያስውጣል፤ ኦሪን ባለፈው ሳምንት ትልቁን ጥይት በግድ ሲሞላባት ሳጥኑ ሳያልቅ ተሰበረች። ከመሰበሯ በፊት የተሞሉት ጥይቶች መደርደሪያው ላይ ናቸው። ነገ ጠዋት በሩቅ ዒላማ ውድድር የካርላ ባል ዴል ይተኩሳቸዋል፤ መሬት ላይ ተኝቶ፣ ጉንጩን ጠመንጃው ላይ አስደግፎ፣ ፊቱ ጥይቱ ከሚፈነዳበት መቀርቀሪያ አንድ ስንዝር ርቆ።

ጠረጴዛውን በድሪል በሱ። ከሥሩ ወፍራም ላሜራ አድርገው ቡሎኖቹን አጠበቁ። ኦሪን ረጅሙን እጀታ አስገባ፤ ቀለሁ የሚስተካከልበትን ቅርጽ ማውጫም ከላይ አጥብቆ አሠረ። ከዚያ አንድ ባዶ ቀለህ አስቀምጦ እጀታውን ተጫነው። ቀለሁ ገባና ቀረ። ሳበው፣ አልወጣም። እንደገና ሲስበው የጠረጴዛው ፊት ከመሬት ተነሳ።

"አባዬ፣ ቅባት ቀብተኸዋል?"

"ቀባሁት እንጂ! ልታስተምሪኝ ነው?"

የቅባቱ ጣሳ ግን ገና ክዳኑ አልተከፈተም። ደረቅ ቀለህ ብረት ውስጥ መክተት የጀማሪ ስህተት ነው፤ ኦሪን ደግሞ የተኩስ ክለቡን ሰው ሁሉ ያስተማረ ነው። ካርላ ጣሳውን ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ ነው ከጣሳው ጀርባ ሁለቱን የባሩድ ቆርቆሮዎች ያየችው።

እዚህ ዋዮሚንግ፣ ቢያንስ በእኛ ሰፈር፣ ሰው በቤተ ክርስቲያን ሊቀልድ ይችላል፤ በዚህ ግን አይቀልድም። ጠረጴዛ ላይ ከአንድ የባሩድ ቆርቆሮ በላይ አይቀመጥም። ጎረቤታችን ቨርጂል አንድ ዓይኑን ያጣው በተደባለቀ ባሩድ ጠመንጃው ፊቱ ላይ ፈንድቶ ነው። ያን ጊዜ ደሙን እያበሰ ሐኪም ቤት ያደረሰው ኦሪን ነበር።

ካርላ አንዱን ቆርቆሮ ከፍታ ነጭ ወረቀት ላይ ጥቂት አፈሰሰች። ውስጡ መሆን የነበረበት እንደ ተቆራረጠ ቀጭን ሽቦ ያለው ባሩድ ብቻ ነው። በመሃሉ ግን እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ድቡልቡል የሆነው የሌላኛው ቆርቆሮ ባሩድ ነበር።

"አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

ኦሪን መነጽሩን አውርዶ አጎነበሰ።

"የተረፈውን ስመልስ ተሳስቼ ይሆናል። ዛሬ ጠዋት ነው። የዴል ጥይት ግን ባለፈው ሳምንት የተሞላ ነው፤ ንጹሕ ነው።"

"ዛሬ ጠዋት ባሩድ ምን ይሠራልሃል? ፕሬሱ ገና አሁን መምጣቱ አይደል?"

ኦሪን ወደ አዲሱ ፕሬስ፣ ከዚያ ወደ ተሰበረችው አሮጌዋ ተመለከተ። ውጭ ነፋሱ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንኳኳል።

"የዴልን ጥይቶች እናፍርሳቸው" አለች።

"ይህን ሁሉ ብረት የተሸከምኩት ለማፍረስ ነው?"

"የመጀመሪያ ሥራው ይሁና።"

ቀለሁ የተቀረቀረበትን ፈትቶ በምትኩ የጥይት መንቀያውን አሰረ። የመጀመሪያው ጥይት እርሳሱ ተነቅሎ ባሩዱ ወረቀቱ ላይ ፈሰሰ። ንጹሕ። ሁለተኛውም ንጹሕ።

"አላልኩሽም? እናትሽን ነው የወጣሽው፣ ተጠራጣሪ!" ኦሪን ሳቀ።

ካርላም እፎይ ብላ ሳቀች። ሳጥኑን ልትከድነው ምንም አልቀራት። "አንድ ብቻ፣ ለነፍሴ" አለች።

ከሦስተኛው ውስጥ ድቡልቡሎቹ ቀድመው ተንከባለሉ።

ኦሪን እጁ እጀታው ላይ እንዳለ ቀረ። ካርላ ፈራች፤ ከባሩዱ ይልቅ ያስፈራት የአባቷ ፊት ነው። የት እንዳለ የጠፋው ሰው ይመስል ነበር።

"ለዴል አትንገሪው" አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። "ፕሬሱ ዘግይቶ መጣ በይው። አረጀ፣ ጃጀ ሲሉኝ መስማት አልችልም፣ ልጄ።"

"እሺ አባዬ" አለች። ማለት እንዳልነበረባት እያወቀች፣ አንጀቷ አልችል ብሎ ነው።

ደጅ የመኪና ጡሩምባ ጮኸ።

"ሽማግሌው!" አለ ዴል ከመኪናው ሳይወርድ። "የማሸንፍበት ጥይት ደረሰ ወይስ እንቅልፍ ጣለህ?"

ካርላ ወደ በሩ ስትራመድ ከኋላዋ የመፍቻ ድምፅ ሰማች። ኦሪን የፕሬሱን እጀታ ፈትቶ አወጣው፣ በአጠገቧ አልፎም ነፋሱ ውስጥ ወጣ። እጀታውን በመኪናው መስኮት ለዴል አቀበለው።

"ጥይት የለም። ባሩድ ደባልቄ ልገድልህ ነበር" አለው። "ይህን ያዝልኝ። ካርላ አብራኝ ካልቆመች፣ ብለምንህም እንዳትሰጠኝ።"

ዴል ሊስቅ ጀምሮ የሚስቱን ፊት ሲያይ ተወው። ብረቱን ጎኑ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጠ።

ኦሪን ሊመለስ ዞረና ቆመ። ከዚያ የጋራዡን ቁልፍ ከቀበቶው ፈትቶ፣ ዓይኗን ሳያይ፣ ለልጁ ሰጣት።