የአድማጩ ወንበር

"አሁን ደግሞ ይሄኛውን ይስሙ" አለና ገመዱን ከአንዱ ድምፅ ማጉያ ነቅሎ ሌላው ላይ ሰካው።

ባለሱቁን ሰፈሩ የሚያውቀው "ባለጆሮው" በሚል ቅጽል ስም ነው። ሠላሳ ዓመት ድምፅ ማጉያ ሲጠግንና ሲሸጥ ኖሯል። ሱቁ የሚኖረው በጆሮው ነው፤ እሱ ጥሩ ነው ካለ ጥሩ ነው፣ አለቀ። ደንበኛ ሶፋው ላይ ይቀመጣል። መሃል ወለሉ ላይ ያለችው የእንጨት ወንበር ግን እሱ ብቻ ተቀምጦ የሚያዳምጥባት ናት፤ አሥር ዓመት አብራው የሠራችው ልጁ እንኳ ተቀምጣባት አታውቅም።

የዛሬዋ ደንበኛ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። የሟች እህታቸውን ዘፈን በሲዲ ይዘው መጥተዋል። እህትየው መዝፈን ከመጀመሯ በፊት ትንፋሿን ትስባለች፤ የቤታቸው ማጫወቻ ያንን ትንፋሽ ይውጠዋል። እሳቸው የሚፈልጉት እሱን ነው።

ባለጆሮው ሁለት ዓይነት አቀረበላቸው። አንደኛው እንደ በር የሚቆም ሰፊ ጠፍጣፋ ነው፤ ውስጡ የተወጠረው ስስ ፕላስቲክ ሙሉ በሙሉ ይርገበገባል። ቤት ይሞላል፣ ግድግዳ ካስጠጉት ግን ያኮርፋል፣ ድምፁ ይታፈናል። ሌላኛው ቀጭን ሳጥን ነው። ወፍራሙን ድምፅ ከታች ያለው ክብ ማጉያ ያወጣል፤ ቀጭኑን ደግሞ ከላይ የተንጠለጠለ፣ ከሲጋራ ወረቀት የሳሳ የአሉሚኒየም ጥብጣብ። ለትንፋሽ ጥብጣብን የሚያህል የለም አላቸው። እውነቱን ነው፣ የለም።

በጠፍጣፋው ሲሰሙ የመምህርቷ ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር። በጥብጣቡ ሲሰሙ ግን ፊታቸው ጨለመ።

"ትንፋሿ የለም" አሉ።

"አለ እንጂ እትዬ። እንዲያውም ጥርት ያለው እዚህኛው ላይ ነው።"

"እኔ አልሰማሁትም ወንድሜ።"

"ዕድሜ ነው" አላቸው ለማጽናናት ያህል። "ጆሮም እንደ ጉልበት ይደክማል። ምን ይደረግ።"

መምህርቷ አንገታቸውን ደፉ። እህታቸውን ሁለተኛ የቀበሩ መሰላቸው። እሱ ካለ ይሁን ብለው ጥብጣቡን ሊወስዱ ተስማሙ። ከመደርደሪያው ጀርባ ልጁ መፍቻዋን አስቀመጠች፤ አፏን ከፈት አድርጋ መልሳ ዘጋችው።

ባለጆሮው ከማሸጉ በፊት አቧራ ሊጠርግ የፊት ሽፋኑን አነሳ። ጥብጣቡ መሃሉ ላይ ተበጥሶ፣ ግማሹ ተጠቅልሎ ወድቋል።

ባለጆሮው ሽፋኑን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለ ወደ ልጁ ሳይዞር።

"ማክሰኞ ነው ያየሁት፣ አባዬ። ልነግርህ ስመጣ ከፍተኸው ትሰማ ነበር። 'አቤት ጥራት!' አልከኝ። ከዚያ ወዲያ እንዴት ብዬ ልንገርህ? መለዋወጫው ነገ ይገባል፤ ሳታውቅ ልቀይረው ነበር።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ እንዲህ ነው። ይህን ያህል ጊዜ ለስንቱ ሰው ጥሩ ነው ብሎ ሸጦ ይሆን? አሁን ስናነሳው ተበጠሰ ቢላቸው መምህርቷ ያምኑታል፤ ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ቀና ሲል ግን ሴትዮዋ ቦርሳቸውን ታቅፈው፣ የገዛ ጆሮአቸውን በጣታቸው ሲነካኩ አያቸው።

"እትዬ፣ የእርስዎ ጆሮ ደህና ነው" አለ። "የደከመው የኔ ነው። ይሄ ማጉያ ተበጥሷል፤ እኔ አልሰማሁም።"

ገመዱን ወደ ጠፍጣፋው መለሰ፤ ሲዲውን ወደ መጀመሪያው አመጣው። ከዚያ የእንጨት ወንበሯን በመዳፉ ጠረገ።

"ነይ ተቀመጪ" አላት ልጁን። "ከእንግዲህ የምትሰሚልን አንቺ ነሽ።"

እያመነታች ተቀመጠች። እሱ ከጎኗ ቆሞ ፊቷን ያይ ጀመር። ሲዲው ዞረ፤ እሱ ገና ምንም አልሰማም። ልጁ ዓይኗን ጨፈነች፣ መምህርቷም ሶፋው ላይ እጃቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ትንፋሹ እዚያ ጋ እንደሆነ ከሁለቱ ፊት አወቀ።