የሰርካዲስ የቀትር እንቅልፍ

ሰርካዲስ ጎረቤቷን ክፍሉን የምትጠላው ሥራዬ ብላ ነበር። ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ ትጠላዋለች፣ ከቅዳሴ ስትመለስ ትጠላዋለች፤ በተለይ ቀትር ላይ ያ የተረገመ ግራይንደሩ ብረት እየቆረጠ ሲጮህ ጥላቻዋ አናቷ ላይ ወጥቶ ይመታል። ይመታል ስል ነገር ለማሳመር አይደለም፤ የደም ግፊት አለባት።

ዶክተር ዲና የድሬ ልጅ ናት፤ ትልቅ ትንሽ ብላ “እርስዎ” አትልም። ግፊቷን ለካች፣ ደግማ ለካች፣ ከዚያ ማሰሪያውን ከክንዷ ላይ ፈታች።

“ስሚኝ ሰርኬ፣ መድኃኒቱ ግማሹን ነው የሚሠራው። ግማሹ ያንቺ ነው። ጫት አትቅሚም አይደል? ለግፊት መርዝ ነው። ጨው ቀንሺ፣ ንዴት ቀንሺ፣ ከምሳ በኋላ ተኚ። በዚህ ከቀጠልሽ አንድ ቀን ግማሽ ጎንሽ እምቢ ይልሻል።”

ግማሽ ጎን እምቢ ሲል ምን እንደሚመስል ሰርካዲስ ታውቃለች። እናቷን አልጋ ላይ እያገላበጠች፣ ከተጣመመ አፏ ላይ ምራቅ እየጠረገች ነው የቀበረቻት። ከሞት ይልቅ የምትፈራው ያንን ነው።

ለድሬ ሰው ከምሳ በኋላ ተኛ ብሎ ማዘዝ ዓሣን ዋኝ እንደ ማለት ነው። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ከተማው በሩን ይዘጋል፤ የሚተኛው ይተኛል፣ የሚቅመው ይቅማል፣ እስኪበርድ ድረስ ሰው ሰውን አይፈልግም። ክፍሉ ግን ደገኛ ነው። ከአጥሯ ማዶ የበርና መስኮት ብየዳ ቤት ሲከፍት መጀመሪያ እንደ ሰው ይተኛ ነበር። ልጁ በጅቡቲ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦበት ከሞተ ወዲህ ግን ብረት መቁረጥ የሚያምረው ቀትር ላይ ሆነ። ሐዘኑን ሰርካዲስ ታውቃለች፤ ድንኳኑ ሥር ቁጭ ብላ አልቅሳለች። ሐዘን ግን የጎረቤት ጆሮ ቅደድ አይልም።

አንድ ቀን የምትቀመጥበት ዱካ ላይ ወጥታ በአጥሩ ብቅ አለች።

“አንተ! ሰው አይተኛም?”

“ሥራ ላይ ነኝ፣ እመቤት።”

“የሰይጣን ሥራ!”

“እርስዎ ሲተኙ አገሩ ሁሉ ይተኛ?”

“አዎ ይተኛ! ድሬ ነው ይሄ!”

“ድሬን የወለዷት እርስዎ ነዎት እንዴ?”

የሚያናድዳት ይኸው ነው፤ ስድቡን በ“እርስዎ” ጠቅልሎ ነው የሚያቀብላት። ቤት ገብታ ጥጥ ጆሮዋ ውስጥ ጠቀጠቀች፣ መስኮት ዘጋች፣ በሙቀቱ ታፍና ተጋደመች። ግራይንደሩ ዝም ያለ ዕለት ደግሞ መቼ ይጀምር ይሆን እያለች ጣራ ጣራውን ታያለች። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ ቂም ይዞ እንቅልፍም ያው ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ግፊቷ ብሶ ተገኘ።

“ወይ ታረቂው፣ ወይ ቤት ቀይሪ” አለቻት ዲና።

የአባቷን ቤት ልትቀይር ነው? ሽማግሌ ላከች።

ሽማግሌው ሳላሀዲን ነበር፤ ከአባቷ ጋር ባቡር ላይ የሠራ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ ቃሉ የሚሰማ ሰው። ክፍሉንና ሌሎች ሁለት ጎረቤቶችን አስከትሎ መጣና በረንዳዋ ላይ ተቀመጡ። ክፍሉ ዘይት የጠጣ እጁን ጭኖቹ መሀል ሸጉጦ ተናገረ።

“በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰው ተዘጋጅቶ። የእኔ ቀትር ላይ መጣ። ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ልጅህ ሞተ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰዓት ጎኔን ካሳረፍኩ በሩ የሚንኳኳ ይመስለኛል። ልቤ ይደልቃል፣ ማጅራቴን ይወግረኛል። ብረት ስይዝ ይተወኛል። ካስቸገርኩ ማሽኑን ወደ ጓሮ ልውሰደው።”

ሰርካዲስ ጨካኝ አይደለችም፤ አዘነችለት። ወዲያው ግን የእናቷ አፍ ትዝ አላት።

“ጓሮም ቢሆን እሰማዋለሁ! ያንተ ልብ እንዲያርፍ የእኔ ይፈንዳ?” ብላ ጮኸች። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ።

ሳላሀዲን እጁን አነሳ። “አቦ ተዪው! መፍትሔው ቀላል ነው። ክፍሉ፣ ቀትር ላይ እኔ ቤት ትመጣለህ። ፍራሽ አለ፣ ጫት አለ፣ ጨዋታ አለ። በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው ብቻውን አይተክዝም። ወላሂ፣ ሌላ ሰው ትሆናለህ።”

“ቅሜ አላውቅም” አለ ክፍሉ።

“ትለምደዋለህ።”

በረንዳው በሙሉ እውነት ነው አለ። ቀትርን ብቻውን የሚፈራ ሰው በርጫ ካልተቀመጠ ምን ይሁን? ሰርካዲስ ግን ያ ማጅራት የሚወግር ነገር ምን እንደሆነ ታውቀዋለች፤ ለዓመታት የራሷን ማጅራት ወግሯል። ዲና ስለ ጫትና ስለ ግፊት ያለቻትም ትዝ አላት። ግን የቀትሩን ዝምታ ፈለገች፣ ፈለገችው፣ ከምንም በላይ ፈለገችው። ሳላሀዲን መረቀ፣ እሷም እንደ ሌሎቹ አሜን አለች።

እንቅልፍ መጣ። እንዴት ያለ እንቅልፍ! ፊቷ ጠራ፣ ራስ ምታቷ ተዋት። ክፍሉን በር ላይ ስታገኘው ግን ከስቷል፣ ዓይኑ ቀልቷል፤ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ እንዳለው ሠራተኞቹ ያወራሉ። “እንደምን አደሩ?” ይላታል። “እግዚአብሔር ይመስገን” ትለዋለች፣ ቶሎ ብላ በሯን ትዘጋለች።

“ጎበዝ ሰርኬ!” አለች ዲና ግፊቷን ለክታ። “ምን አደረግሽ?”

“ሰላም አገኘሁ።”

በዚያው ሳምንት ክፍሉን ከሳላሀዲን ፍራሽ ላይ አንስተው ሆስፒታል ወሰዱት። ጨዋታ መሀል ወሬው አፉ ውስጥ ተንተባተበ፣ የያዘው ብርጭቆ ወደቀ፣ ቀኝ ጎኑ እምቢ አለ። ሳላሀዲን ሊነግራት መጥቶ በረንዳዋ ላይ አለቀሰ። “እንዲተክዝ አልፈለግኩም ወላሂ፣ እንዲጫወት ብዬ ነው” ይላል። ሰርካዲስ ውሃ ሰጠችው። የምታውቀውን አልነገረችውም።

ቤቱ ሲመልሱት ልትጠይቀው ሄደች። እህቱ ከደጋ መጥታ ታስታምመዋለች፤ አልጋውን ከበሩ ትይዩ አድርጋዋለች፣ ነፋስ እንዲያገኝ ብላ። ሰዓቱ ቀትር ነበር፣ መንገዱ ጭር ብሏል። ክፍሉ ሰርካዲስን አላያትም። ከበሩ ላይ ዓይኑን አይነቅልም፤ ደህናው እጁ አንሶላውን ጨምድዷል።

“ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት እንዲህ ያደርገዋል፤ ምን እንደሚፈልግ አልገባን አለ” አለች እህቱ።

“አልጋውን ከበሩ ፊት አዙሩት” አለች ሰርካዲስ።

ወደ ቤቷ ገባች። እጇን ታጠበች፣ ቬንትሌተሩን አበራች፣ ጋደም አለች። ዛሬስ ዓይኔ አይከደንም ብላ ነበር፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት።