ከብረቱ ኋላ የምትቆመው

በሃርላን ዌልስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጠዋቱ የወንዶቹ ነው። ራስ ቁር አጥልቀው ኳስ የሚጫወቱት ጎረምሶች በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ጋራዡን ይሞሉታል። ሲወጡ ጠረናቸውንና ያልመለሱትን ብረት ጥለውልን ይሄዳሉ። የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ የኛ የሴቶቹ ነው። ጋራዡ የምንለው ብረት የምናነሳበትን ቤት ነው፤ ዱሮ የመኪና ጥገና ይማሩበት ነበር። ትልቁ በሩ ወደ ላይ ሲከፈት ከጥጥ እርሻው የሚመጣው አቧራ እንደ ተማሪ ሰተት ብሎ ይገባል።

እንደ ሒሳብ ሁሉ ውጤት ይሰጥበታል። ልዩነቱ እዚህ መኮረጅ አይቻልም፤ ወይ አነሳሽ ወይ አላነሳሽም። እኔ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የምታገሠው ለዚህ አንድ ሰዓት ስል ነበር።

ችግሩ ቡድን የሌለው ሰው የስፖርት ክፍለ ጊዜ አይሰጠውም። እኔ ደግሞ ክረምቱ ላይ ከቅርጫት ኳስ ቡድን ወጣሁ። ወጣሁ ስል አሰልጣኟን «የምትስይው ስልት የመንገድ ካርታ ቢሆን ሁላችንም ገደል እንገባ ነበር» ስላት በሩን አሳየችኝ። እውነቴን ነበር። ወቅቱን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ አላሸነፉም።

ረቡዕ ዕለት የትምህርት አማካሪዋ ወይዘሮ ፕሩዊት አስጠሩኝ።

«ኔሬይዳ፣ የኔ ማር፣ ከሰኞ ጀምሮ የመጨረሻውን ሰዓት እዚህ ቢሮ ነው የምታሳልፊው። ስልክ ማንሳት ብቻ ነው። ደስ የሚል ድምፅ አለሽ።»

«ድምፄን አንዴ የሰማ ሰው ሁለተኛ አይደውልም፣ ወይዘሮ ፕሩዊት።»

ሳቁ። ሴትየዋ ክፉ አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። «ቡድን ውስጥ ሳትኖሪ ምን ላድርግልሽ?»

«ብገባስ?»

«እስከ ዓርብ ከብረት አሰልጣኙ ከኮች ለድቤተር አንድ ቃል ይበቃኛል።»

ሌላ ሰው ቢሆን እቤቱ ያነሳል። እኔም እቤቴ ነው የጀመርኩት። አባቴ ነዳጅ ጉድጓድ ላይ ነው የሚሠራው፤ የተጣለ ቧንቧ አመጣልኝና ጫፍና ጫፉ ላይ የአሮጌ ትራክተር ብረት አንጠለጠልኩበት። ማንም አላስተማረኝም። ከስልኬ ላይ እያየሁ፣ የሚረባውን እየያዝኩ፣ ጉረኛውን እያለፍኩ ራሴን አስተማርኩ። ባለፈው በጋ ግን ሳንቃ ላይ ተኝቼ ቧንቧውን ስገፋ ክንዴ ከዳኝና ደረቴ ላይ ቀረ። መጮህ ትንፋሽ ይፈልጋል፤ ትንፋሽ አልነበረኝም። የፍየሎቻችንን ደወል እያዳመጥኩ አባቴ ከሥራ እስኪገባ እንደዚያው ቆየሁ። ሲያገኘኝ ቧንቧውን በሁለት እጁ አነሳልኝ። አልተቆጣም። ልብሱን እንኳ ሳይለውጥ የመቁረጫ እሳቱን አምጥቶ ቧንቧውን ለሁለት ከፈለው።

«ሚሃ፣ ከኋላሽ ሰው በሌለበት ይህን ነገር አትነኪም» አለኝ። ሚሃ ልጄ ማለቱ ነው፤ የምሩን ሲሆን ብቻ ነው በእናቱ ቋንቋ የሚጠራኝ።

ስለዚህ ከጋራዡ ከወጣሁ ብረት አበቃ ማለት ነው።

ኮች ለድቤተርን ታሪክ የሚያስተምሩበት ክፍል ውስጥ አገኘኋቸው። ጠዋት የጦርነት ዓመተ ምሕረት፣ ከሰዓት ብረት ነው ሥራቸው። ሁለቱንም የሚያስተምሩት ሱፍ እየፈለፈሉ፣ ገለባውን ወረቀት ኩባያ ውስጥ እየተፉ ነው።

«ኮች፣ መቶ ሃያ ሦስቱ ውስጥ ያስገቡኝ።»

ውድድሩ በሰውነት ክብደት ይከፈላል። ከመቶ ሃያ ሦስት ፓውንድ የማይበልጡት አንድ ምድብ ናቸው፤ ኮች ከአንድ ምድብ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚወስዱት።

«እዚያ ብሪን ሆልካም አለች።»

«ስላለች ነው የመጣሁት።»

«መቶ ሠላሳ ሁለቱ ባዶ ነው፤ እዚያ ግቢ ልልሽ ነበር። ግን አንቺን እዚያ ማስገባት ጥጃን ከበሬ ጋር መጥመድ ነው።» ገለባ ተፉ። «ምላስሽ ብረት ቢያነሳ ኖሮ ዛሬውኑ እመዘግብሽ ነበር።»

«እግሬም አይተናነስም።»

«ዓርብ እናያለን። ስኳት፤ በትከሻ ተሸክሞ ቁጭ ብድግ። ከብሪን በላይ ካነሳሽ ቦታው ያንቺ ነው። ከኋላሽ ማን እንደሚቆም ታውቂያለሽ።»

ማን ያላወቀ አለ። ጋራዡ ግድግዳ ላይ በየምድቡ ከሁሉም በላይ ያነሳ ሰው ስም የተቀባበት ሰሌዳ አለ። ያንን ስም ለማውረድ ስትሞክሪ ከኋላሽ የሚቆመው ባለስሙ ራሱ ነው። የመቶ ሃያ ሦስቱ ባለስም ብሪን ናት። ሕጉን ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም። አንድ ጊዜ ባለስሙ ትምህርቱን ጨርሶ ፖሊስ ሆኖ ኖሮ ሽጉጡን እንደታጠቀ መጥቶ ከአንድ ጎረምሳ ኋላ ቆሟል ይባላል። ጎረምሳው አላነሳም አሉ። እኔም ብሆን አላነሳም።

ከኋላ የሚቆም ሰው እጁን ከብረቱ ሥር ይዘረጋል እንጂ አይነካም። አንቺ ከወደቅሽ ይይዝልሻል። ሳትወድቂ ከነካ ግን የደከምሽበት ሁሉ አይቆጠርም።

ሐሙስ ምሳ ላይ ብሪን ትሪዋን ይዛ ፊት ለፊቴ መጥታ ተቀመጠች። የጥጥ ገበሬ ልጅ ናት፤ ረጅም፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ጉንጯ ግን ሰሞኑን ገብቷል። እስከዚያን ቀን ከመጎሻሸም ውጭ ተነጋግረን አናውቅም። እጇ ላይ እንደ ወትሮው ያ ባልዲ የሚያህል የበረዶ ኩባያዋ አለ። ቀኑን ሙሉ በረዶ ስትቆረጥም ነው የምትውለው።

«ጥርስ ተርፎሻል?» አልኳት።

«ላንቺ የሚበቃ አለኝ። ነገ እኔን ልታወርጂ ነው አሉ።»

«አሉ ምን ያደርጋል፤ ላወርድሽ ነው።»

«ከኋላሽ ስቆም እንዳትርበተበቺ ብዬ ነው።»

«አንቺ ብቻ እዚያ ቆመሽ በረዶ እንዳትቆረጥሚ። አይጥ መጣች ብዬ እደነግጣለሁ።»

ሳቀች፤ ስትስቅ ከንፈሯ ተሰነጠቀ። ፊቷ ነጥቷል። ፈርታለች ብዬ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ዳቦዋን አጠገቧ ለተቀመጠችው ልጅ ሰጠች፣ ሥጋውን በሹካ ወዲያና ወዲህ አለችው፣ ምንም ሳትቀምስ ትሪውን ይዛ ተነሣች። ይህን ሁሉ አይቻለሁ። ዓይኔ የሚያየውን ጭንቅላቴ ወዲያው አይቀበለውም እንጂ ዓይኔ ምንም አያመልጠው።

ዓርብ የመጨረሻው ሰዓት ደረሰ። ኮች ሬዲዮውን አጠፉ። ሬዲዮ የሚጠፋው ስም ለማውረድ ሲሞከር ብቻ ስለሆነ ሁሉም የያዘውን ብረት አስቀምጦ መጣ። መዳፌን ጠመኔ ቀባሁ። ብረቱ ግራና ቀኝ ሁለት ልጆች ቆሙ፤ ብሪን ከኋላዬ።

«ዝግጁ ነሽ?» አለች በጆሮዬ።

«አንቺስ?»

እጇን ከብረቱ ሥር ዘረጋች።

ከሥሩ ገባሁ። ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ብረቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ደስ ይለኛል። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ወጣሁ፣ ትንፋሼን ሆዴ ውስጥ ቆልፌ ወረድኩ። ጭኔ ከጉልበቴ በታች እስኪሆን ወረድኩ። «ተነሺ!» አሉ ኮች። ተነሣሁ። እኩሌታው ላይ ብረቱ እንደ ግትር በሬ ቆመ፤ ቆመ እንጂ አልወረደም። ይህችን ቦታ አውቃታለሁ፤ ሁልጊዜ እዚህ ይቆማል፣ ትንሽ ከታገሥሽው ይሄዳል። ታገሥኩት። ሄደ። ልቆም ስል ድንገት ሰው የተሰቀለበት ያህል ከበደኝና ወደ ኋላ ጎተተኝ። ግራና ቀኝ ያሉት ልጆች ጮኸው ያዙት፤ ተረዳድተን መቀመጫው ላይ መለስነው።

«ተነክቷል» አሉ ኮች። «አይቆጠርም።»

«ተነክቷል? ተንጠላጥላበት ነው እንጂ!» ዞርኩ። አፌ ውስጥ ለእናቷም ለጥጣቸውም የሚበቃ ስድብ ተዘጋጅቷል። ብሪን ግን መሬት ላይ ተቀምጣለች። ግድግዳውን ተደግፋ፣ ዓይኗ ተከፍቶ፣ የት እንዳለች የማታውቅ ይመስል። ስድቡን ዋጥኩት፤ ጎኑ ሹል ነበር።

«ነክቼዋለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ዓይኔ ጨለመብኝ። ያገኘሁትን ያዝኩ። እሷ ይዛው ነበር፣ ኮች። ሊወጣላት ነበር።»

ኮች አጠገቧ በርከክ አሉ። ጉልበታቸው ሲንቋቋ ሁላችንም ሰማን። «እህል ከቀመስሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?»

ብሪን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ዛሬ አልበላችም» አልኩ። «ትናንትም አልበላችም። በረዶ ነው የምትበላው። ከመቶ ሃያ ሦስት ላለመውጣት።» ስናገረው ነው ለራሴም የገባኝ።

«አንቺ ዝም በይ» አለች ብሪን።

«አልልም። የወደቅሽው እኔ ላይ ነው።»

ለቦታው ብላ ነው ያጋለጠቻት የሚል ይኖራል። የፈለገ ይበል። ቧንቧ ደረቴ ላይ የቀረው እኔ ነኝ፤ ከኋላ የሚቆም ሰው ራሱ ሊቆም የማይችል ከሆነ ያ ለኔ የቡድን ምስጢር አይደለም።

ኮች ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ሱፍ በሙሉ እፍኟ ላይ ዘረገፉላት። «ብዪ። ጨው አለው። እኔ ጋ ተርቦ ብረት የሚያነሳ ሰው የለም። ሰኞ ጠዋት ቁርስሽን በልተሽ ትመዘኛለሽ፤ የገባሽበት ምድብ ምድብሽ ነው። ዛሬ ደግሞ ቤትሽ የማደርስሽ እኔ ነኝ፤ ከእናትሽ ጋር ወሬ አለኝ።»

«እኔስ?» አልኩ።

«አንቺ አላነሳሽም፣ ኔሪ።»

ደወሉ ተደወለ። የአውቶቡሶቹ ሞተር ይሰማል። ሌላ ሙከራ የሚባል ነገር አልነበረም።

ሰኞ በመጨረሻው ሰዓት ቢሮ ሄጄ ስልኩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ለማኝ መምሰል አልወድም፤ ማንንም አልለመንኩም። ወይዘሮ ፕሩዊት ከረሜላ ሰጡኝና ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡ። ስልኩ ጮኸ። አፉ የሞላ ሰው ነው።

«ፕርትን ስጭኝ» አለ።

«ማንን?»

አንድ ነገር አላመጠና ያንኑ ደገመው።

«አኝከው ሲጨርሱ ይደውሉ» አልኩና ዘጋሁት። ድምፄ ደስ የሚል ነው ተብያለሁ እኮ።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተከፈተ። ብሪን ናት። እጇ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ፣ መሐሉ የተጠበሰ ዶሮ ያለበት ትኩስ ዳቦ ይዛለች፤ ግማሹን ጎርሳዋለች።

«ተነሺ» አለች።

«አፍሽን ጨርሺ።»

ዋጠች። «ኮች ሲደውሉ የዘጋሽባቸው አንቺ ነሽ?»

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ ግራ ገባኝ። «ሱፍ ነበር እንዴ?»

«ሌላ ምን ይሆናል? መቶ ሠላሳ ሁለት ገባሁ። ቁርስ በልቼ፣ ውኃ ጠጥቼ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ። መቶ ሃያ ሦስቱ ሰው የለውም። ለወይዘሮ ፕሩዊት ሊነግሩ ነበር የደወሉት።»

«ምጽዋት አልፈልግም።»

«ምጽዋት ማን ሰጠሽ? እኔ ካዲሶቹ ተፎካካሪዎቼ ጋር ሁለተኛም አልወጣ ይሆናል። ደስ ብሎኝ እንዳይመስልሽ፤ እናቴ ቅዳሜና እሁድ ከማዕድ ቤት አላስወጣችኝም።» እንደገና ጎረሰች። ጉንጯ ላይ ትንሽ ደም ተመልሷል። «ስሜ ደግሞ ሰሌዳው ላይ ነው። እስክታወርጂው ድረስ ከኋላሽ የምቆመው እኔ ነኝ። አንቺ እዚህ ስልክ ላይ ተጎልተሽ የት ልቁምልሽ? ከወንበሩ ኋላ?»

ከወንበሩ ተነሣሁ። ወይዘሮ ፕሩዊት ከውስጥ ብቅ ብለው ሁለታችንን አዩን።

«ኮች ለድቤተር አሁን በእጅ ስልኬ ደወሉ» አሉ። «ቢሮው ውስጥ አንዲት ባለጌ ልጅ አለች አሉኝ።»

«ልትሄድ ነው፣ ወይዘሮ ፕሩዊት» አለች ብሪን።

«እግዜር ይመስገን» አሉ ሴትየዋ፤ ከረሜላ ግን ጨመሩልኝ።

ጋራዡ በሩ ተከፍቷል፣ አቧራው ገብቶ ተቀምጧል፣ ሬዲዮው እየዘፈነ ነው። የዕለቱ ብረት ቀላሉ ነው፤ ስም የሚያወርድ አልነበረም። ያም ሆኖ ጠመኔ ቀባሁ። ከሥሩ ገባሁና ቆምኩ። ከኋላዬ የበረዶ ድምፅ የለም። የተጠበሰ ዶሮ ሽታ ብቻ ትከሻዬን አልፎ መጣ።

«ቆመሻል?» አልኩ።

«ቆሜያለሁ» አለች። «ውረጂ።»

ወረድኩ።