ቤተሰብ ደረሰኝ አይጠያየቅም

አከራያችንን «ጋሼ ቤተሰብ» ያልናቸው እኛ ተከራዮቹ ነን። ኪራይ ሲቀበሉ ጣታቸውን ምራቅ እያስነኩ ይቆጥሩና፣ ደረሰኝ የጠየቀውን ሰው ዓይን ዓይኑን እያዩ «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን፤ ቤተሰብ ደረሰኝ ይጠያየቃል?» ይላሉ። ቧንቧ ሲፈነዳ ግን ቤተሰብነቱም አብሮ ይፈነዳል፤ ማሠሪያውን የሚያዋጣው ተከራይ ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። በመንገዱ በኩል ያለችው ክፍል ቤቴም ሱቄም ናት፤ ደንበኛ የሚያውቀኝ በዚያች በር ነው። ከዚያ መውጣት ማለት ጉሮሮዬን መዝጋት ነው። አንድ የሞባይል ነጋዴ ለክፍሏ እጥፍ እከፍላለሁ ባላቸው ማግስት፣ ጋሼ ደጃፌ ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ የስድስት ወር ኪራይ አለብሽ። ወይ ክፈይ፣ ወይ ልቀቂ።»

በየወሩ በእጃቸው ያስቀመጥኩት ብር ነው። ደሜ ፈላ።

«እንግዲያው እስከ ዛሬ የከፈልኩትን በጽሑፍ ይስጡኝ» አልኳቸው።

«የምን ጽሑፍ? እኔ እንደ ልጄ ነው የማይሽ።»

«ልጅዎን ነው የሚያባርሩት?»

«ልጅም ሲያድግ ይወጣል» ብለውኝ ሄዱ። የሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ።

የኪራይ ጉዳይ የሚያየው ጽሕፈት ቤት ሄጄ አመለከትኩ። ጋሼም ተጠርተው፣ ሙሉ ልብሳቸውን ግጥም አድርገው መጡ።

«አባት፣ ተከራይ የከፈለችበትን ማስረጃ ከጠየቀች መስጠት ግዴታዎ ነው» አለቻቸው ኃላፊዋ።

«የስድስቱን ወር ከተቀበልኩ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። የድሮውን ደግሞ ማን ያስታውሳል? አርጅቻለሁ።»

ኃላፊዋ ኮምፒውተሯን ስታይ ቆየችና ፊቷ ተለወጠ። «ለግብር ቢሮ በፈረሙት ላይ ግቢው ውስጥ ተከራይ የለም። በመንገዱ በኩል ያለው ክፍል ‹የእህቴ ልጅ በነጻ ትኖርበታለች› ይላል።»

እናቴ ወንድም እንዳላት ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

«ይምረጡ» አለች ኃላፊዋ። «ተከራይ ከሆነች የተቀበሉትን ሁሉ ጽፈው ይፈርሙላት፤ ቅጂው ለግብር ቢሮ ይሄዳል። የእህትዎ ልጅ ከሆነች ደግሞ ኪራይ የለባትም።»

ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አጠለቁ። «የእህቴ ልጅ ናት» አሉ፣ ከአንገት በላይ። ወደ እኔ ዞረውም «አይደል፣ ልጄ?» አሉኝ።

በነጻ መኖር ማን ይጠላል? ግን በነጻ ያስጠጉትን ዘመድ በአንድ ቃል ያስወጡታል፤ ያን ሁሉ ዓመት ጎንበስ ብዬ ሰፍቼ የከፈልኩትም ውሃ በላው ማለት ነው።

«ዝምድናው ይቅርብኝ» አልኩ። «የከፈልኩት ይጻፍልኝ።»

ጋሼ አሁንም ስለ እርጅናቸው ሊያወሩ ሲጀምሩ፣ ኃላፊዋ «ከረሱት ችግር የለም፤ በግቢው የሚኖሩትን የቀሩትንም የእህት ልጆች ጠርተን እንጠይቃለን» አለቻቸው። ያኔ ብዕሩን ከእጇ መንጠቅ ቀራቸው።

ከገባሁበት ወር ጀምረው ያለ ማቋረጥ ጻፉ። ታምሜ ያዘገየሁባትን ወር አልረሱም፤ ኪራይ የጨመሩባትንም አልረሱም። «አለብሽ» ያሉኝ ወራት ላይ ሲደርሱ ብዕሩ ቆመ። ኃላፊዋን ቀና ብለው አዩና በእያንዳንዱ ወር ፊት «ተቀብያለሁ» ብለው ጽፈው ፈረሙ።

ወረቀቱን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ክፍሌ ተርፋለች፤ እኔ ግን ከደስታዬ ንዴቴ ባሰ። ሰውዬው አንዱንም ወር አልረሱም ነበር።